ያለቁ ድንጋዮችና የሩቅ ፕላኔት አየር

እኔ በሰው አልቀናም። እውነቴን ነው። የምቀናው በሀውለት ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰው ሳትሆን ጎረቤት ናት።

ልዩነቱን ጎረቤት ያለው ያውቀዋል። ሰው ሩቅ ነው። ቢያገኝም ቢያጣም ወሬው የሚደርሳችሁ ዘግይቶና ቀዝቅዞ ነው። ጎረቤት ግን ያገኘውን ትኩስ ትኩሱን ያሳያችኋል። ሀውለት እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ትኖራለች። በበራችንና በበራቸው መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ታክሲ ሲያልፍበት እግረኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሁለታችንም አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። ሁለታችንም አንድ ክፍል ነን። የሁለታችንም ቤተሰብ ከድሬዳዋ የመጣ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰው ለማወዳደር ከዚህ በላይ ምን ይመቻል?

እናቴማ ሌላ ሚዛን የላትም። ሩዝ ስለቅም፣ ሀውለት ይሄኔ ጨርሳለች ትላለች። ከሃያ አሥራ አራት ሳመጣ «ማሻአላህ!» ትልና ትንፋሽ ሳትወስድ «ሀውለትስ?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ አሞኝ ትኩሳቴ ሲለካ ቁጥሩን ሰማችና፣ ሀውለት ባለፈው ሳምንት ከዚህ የባሰ ነበረባት፣ ግን እንዳንቺ አላቃሰተችም አለች። በበሽታ እንኳ ትበልጠኛለች።

ለማንኛውም፣ ላወራችሁ የተነሳሁት ስለ ቅናቴ ሳይሆን ስለ ሩቅ ፕላኔቶች ነበር። ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በእናቴ ወጥ ቤት በኩል ያልፋል። ታገሱኝ።

እኛ ሰፈር ዕቃ ይዋዋሳሉ። የእናቴ ወጥ ቤት ግድግዳ በሚስማር የተሞላ ነው። በየሚስማሩ አንድ ዕቃ ተንጠልጥሏል። አባቴ የቤት ዕቃ ነጋዴ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ቤታችንን የጋራ መጋዘን አድርጎታል። እናቴ ታዲያ አንድ የሚገርም ችሎታ አላት። ከቤት ሳትወጣ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ባዶውን ሚስማር ብቻ አይታ የሰፈሩን ሁኔታ ትነግራችኋለች። ትልቁ ትሪ ከጎደለ እንግዳ መጥቷል። ትልቁ ድስትና ሰሌኑ አብረው ከጎደሉ፣ አላህ ይጠብቀን፣ ለቅሶ ነው። ማራገቢያው ከጎደለ ወይ በሽተኛ ወይ አራስ አለ። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ወንዶች በአንድ ጊዜ ሲጎድሉ ጫት ደርሷል ማለት ነው፤ ይሄን ለማወቅ ግን እናቴን መሆን አያስፈልግም።

አንድ ጊዜ ከታች በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ካውያ፣ ትልቁን መስታወትና ስድስት የሻይ ብርጭቆ ተዋሱ። እናቴ ግድግዳውን አየት አደረገችና፣ «ሳዕዲያን ሊድሯት ነው» አለች። የሳዕዲያ አባት ራሱ ወሬውን የሰማው ከሦስት ቀን በኋላ ነው አሉ።

ሌላም ሕግ አለ። የውሰት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ትሪው ሲመለስ ቴምር ይኖርበታል። ድስቱ ሲመለስ ትንሽ ሩዝ አይጠፋውም። ካውያ እንኳ ሲመለስ ገመዱ ላይ ከረሜላ ታስሮበት አይቻለሁ። የሚያስገባበት ያጣ ሰው ዕቃውን ያቆየዋል እንጂ ባዶውን አይልክም። ትልቁ ማንቆርቆሪያችን በዚህ ምክንያት ሰው ቤት ሁለት ረመዳን አሳልፏል። ይሄን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ፕላኔቱ።

አባቴ የሚሸጣቸው ብርጭቆዎች በመርከብ ነው የሚመጡት፤ እንዳይሰበሩም በአሮጌ ወረቀት ተጠቅልለው። ወረቀቱን የምፈታው እኔ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የማላነበው ቋንቋ ነው። ባለፈው መስከረም ግን የፈረንሳይኛ የሳይንስ መጽሔት ገጾች ወጡልኝ። ከስድስት ብርጭቆ ስድስት ገጽ ለቀምኩና በቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ሰባተኛውና የመጨረሻው ገጽ የለም። አንዱን ካርቶን አባቴ ሳይፈታው ሸጦት ነበር። ለማን እንደሸጠው አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ጽሑፉ ስለ ሌሎች ፀሐዮች ፕላኔቶች ነው። አብዛኞቹን ፕላኔቶች በቀጥታ ያያቸው የለም፤ የኮከባቸው ብርሃን ይጋርዳቸዋል። ግን ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ትንሽ ቀነስ ይላል። ከብርሃኑ ጥቂቱ ደግሞ በፕላኔቷ ጠርዝ ላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል። በዚያ አየር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ጋዝ ታዲያ የሚፈልገውን ቀለም ከብርሃኑ ላይ ያስቀራል። የውሃ እንፋሎት የራሱን፣ ሶዲየም የራሱን። ብርሃኑ እዚህ ሲደርስ እዚህም እዚያም ጎዶሎ ነው። ሰማይ ላይ የተሰቀለው ቴሌስኮፕ ብርሃኑን በየቀለሙ ይዘረዝረዋል። ሳይንቲስቶቹም የጎደለውን አይተው ማን እንደወሰደው ይናገራሉ።

ይቺ እናቴ አይደለችም እንዴ?

ሮጬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ። ሰማችኝና፣ ይሄን ለማወቅ ዕቃውን ሰማይ ድረስ ወስዶ መስቀል ለምን አስፈለገ አለች። የእኛም አየር ራሱ ቀለም ስለሚወስድ ነው አልኳት። መሬት ላይ ሆነው ካዩ፣ የወሰደው የሩቁ አየር ይሁን የእኛው አይለይም፤ በተለይ የእኛ አየር በውሃ እንፋሎት የተሞላ ስለሆነ። እናቴ በሻሿ ጫፍ አንገቷን ጠረገች። ጅቡቲ ውስጥ፣ በመስከረም፣ አየሩ ውስጥ ውሃ አለ ብሎ ለማስረዳት መጽሔት አያስፈልግም።

«እሱስ እውነት ነው» አለች። ቀጥላም፣ እዚያ ሩቅ አገር ውሃ አለ የለም የሚሉት ሊቀዱ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ አይደለም። ለማወቅ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኛ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጫጫ ጆሯችንን ስናቆም ወሬኛ የምንባለው ለምንድነው?»

ጥያቄዋን ይዤ ወደ ገጾቼ ተመለስኩ። ሰው ቤት ውሃ መጣ ወይ እያለ ዕድሜውን ሙሉ የሚያፈጥ ሰው፣ ትንሽም ሳይቀና ይቀራል?

የሳይንስ መምህራችንን «መሲዬ» ነው የምንለው፣ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት፤ ሌላ ስም እንዳለው እንኳ የምናስታውስ አይመስለኝም። ነጭ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል ቴሌስኮፕ አለው። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ክፍሉን ይዞ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ወጣና በየተራ ጨረቃን አሳየን። ተራዬ ሲደርስ አጎነበስኩ። ጨረቃ ጠባሳዋ ሁሉ ይታያል። ከኋላዬ ያለው ልጅ «ኧረ ተነሺ፣ ልትገቢበት ነው እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ አልተነሳሁም።

መሲዬ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ቴሌስኮፑን ሻንጣዬ አይችለውም አለ። በመጨረሻው ሳምንት፣ ወላጆች ባሉበት፣ ስለ ሰማይ ከሁሉ አስረድቶ የተናገረ ተማሪ ይወስደዋል አለ።

ያን ቴሌስኮፕ እንዴት እንደፈለግኩት! በሱ የሌላ ፀሐይ ፕላኔት እንደማይታይ አውቃለሁ፤ መሲዬም ነግሮናል። ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ዕቃ የእኔ ሆኖ፣ ሀውለት ልትዋሰው በራችንን እንድታንኳኳ ፈለግኩ። በቃ። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

የንግግር ርዕስ የምናስመዘግብበት ቀን ደረሰ። አንድ ርዕስ ለአንድ ሰው ነው። መሲዬ ዝርዝሩን እያነበበ መጣና፣ «የሌሎች ፀሐዮች ፕላኔቶች አየር፣ ማን ይወስዳል?» አለ። እጄን አነሳሁ። ማለቴ፣ ማንሳት ጀመርኩ። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ሻሼን አስተካክዬበት መለስኩት። ሀውለት እጇን አነሳች። የሷ እጅ ሲነሳ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው።

ለእኔ የተረፈኝ ጨረቃ ባሕርን እንዴት እንደምትሞላና እንደምታጎድል ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ «የኔ ነበር» አልኳት። በሆዴ ጮኼያለሁ፤ በአፌ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው።

«ምኑ?»

«ርዕሱ።»

«አቦ ሰሚራ! ታዲያ እጅሽን አታነሺም? እያየሁሽ ነበር እኮ። ጠብቄሽ ጠብቄሽ ሻሽሽን ስታስተካክዪ ጊዜ፣ ሌላ ሰው ከሚወስደው ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ፕላኔት አየር የት ታውቂያለሽ?»

«አነበብኩ» አለች።

ከየት እንዳነበበች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው። በኔ አፍ አንድም ዝንብ ገብቶ አያውቅም። አንድም ቴሌስኮፕ ግን በዝምታ አላገኘሁም።

ከዚያ ያ የመጨረሻው ሳምንት መጣ። ቅዳሜ የሀውለት ትንሽ እህት ሩቂያ በራችን ላይ ቆመች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሚልኳት ሁልጊዜ እሷን ነው። «እማዬ ሰሌኑን አለች» አለች። እሑድ ሁለት ፔርሙዝ ወሰደች። ሰኞ ትልቁን ትሪ። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ብርጭቆ። እናቴ ግድግዳውን አየችና፣ እንግዳ ነው አለች፣ ብዙ እንግዳ፣ ያውም በየቀኑ የሚመጣ።

እኔ ግን ከእናቴ አልፌ ሄድኩ። ምን እንግዳ! ድግስ ነው እንጂ። መሲዬ ለሀውለት ቤተሰብ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ እነሱም ገና ሳይሸልሟት ደስታውን ጀምረዋል ብዬ ደመደምኩ። ማታ ከእነሱ ቤት የሳቅና የጭብጨባ ድምፅ ይሰማል። ጭብጨባ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ሩቂያ ደግማ መጣች።

«እህቴ ባትሪያችሁን አለች።»

«ለምን?»

«ለነገ ነው አለች። ኮከብ ነው አለች።»

እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ የምናበራው አንድ ትልቅ የእጅ ባትሪ አለ። አባቴ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ አይጥልም። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል ይላል። ከአዲሱ እንዳይቀላቀልበትም በቀይ እስክሪብቶ የመስቀለኛ ምልክት ያደርግበታል። እንግዲህ ያደረግኩትን ልናገር። ሩቂያን በር ላይ አቁሜ ጣሪያ ወጣሁ። ደህናዎቹን ድንጋዮች አውጥቼ ሁለት ያለቁ ከተትኩበት። ክፍል ውስጥ ከጆሮ በላይ አልነሳም ያለ እጅ፣ ለክፋት ጊዜ እንዴት ቀልጠፍ አለ መሰላችሁ!

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። ስለ ባሕር መጉደል ስናገር ድምፄም አብሮ ጎደለ። ከመጀመሪያው መስመር በስተኋላ የሰማኝ የለም። እናቴ ግን ከኋላ ሆና ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ የሰማች እንዲመስል።

ሀውለት ተነሳች። መጋረጃው ተዘጋ። ባትሪያችንን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አበራችው፤ እሱ ኮከቡ ነው። በክር የታሰረ ሎሚ አንጠለጠለች፤ እሱ ፕላኔቱ ነው። በፈረንሳይኛ እየተናገረች ከፊት ለተደረደሩት አክስቶቿ በአማርኛ ትደግመዋለች። ሎሚው ባትሪው ጋ ሊደርስ ገና ክንድ ያህል ሲቀረው ብርሃኑ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ ቀስ እያለ ሊጠፋ ደረሰ። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። «ኮከቡ ጫት አልደረሰውም!» አለ አንዱ።

ሀውለት ባትሪውን አንዴ አየት አደረገችው። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ጨበጥኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ ሎሚውን ከፍ አድርጋ፣ «አያችሁ? ፕላኔቷ ገና አላለፈችም፤ ብርሃኑ ግን ቀነሰ። ጥፋተኛዋ ማን ናት?» አለች።

«ኮከቧ!» አለች አንዷ አክስቷ፣ እንደ ለመደችው ሁሉ።

«አዎ፣ ኮከቧ። ኮከብ ራሷ ነጠብጣብ አላት። አንዳንዴ ብርሃኑ የሚጎድለው በፕላኔቷ አየር ሳይሆን በኮከቧ በራሷ ጉድለት ነው። ይሄን ያልለየ ሳይንቲስት የሌለ ውሃ አየሁ ይላል። የኮከቧን ጥፋት በፕላኔቷ ያሳብባል።»

መሲዬ ከወንበሩ ተነሳ። ይሄ የሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው አለ፤ ባትሪውን ሆን ብለሽ እንዲህ ማዘጋጀትሽ ደግሞ ድንቅ ነው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ያሉት ለኔ ነው። እኔ የቆፈርኩትን ሀውለት ቆማበት ከፍ ብላ ታየች።

ነጠብጣብ። በእኔ ስድስት ገጾች ውስጥ ስለ ነጠብጣብ አንድም ቃል የለም። ለካ ሰባተኛው ገጽ ነው! አባቴ ሳይፈታው የሸጠው ካርቶን ለሀውለት እናት ኖሯል። እኔ የታሪኩን ራስ ይዤ ስኩራራ፣ ጭራው ከመንገዱ ማዶ በብርጭቆ ላይ ተጠቅልሎ ይጠብቅ ነበር።

ሀውለት የተሸለመችውን ቴሌስኮፕ ተሸክማ፣ እኛ ከኋላዋ ወደ ቤት ስንመለስ እናቷ እትዬ ዘሀራ እናቴን ይቅርታ ትጠይቃለች። «የዕቃሽን ነገር አታንሺብኝ እህቴ! ሳምንቱን ሙሉ አክስቶቿን ሰሌን ላይ ደርድራ፣ ሻይ እያጠጣች፣ አጨብጭቡልኝ እያለች ስትለማመድ ከረመች። ሰው ፊት መቆም እኮ ትፈራለች! ዛሬ ጠዋት እንኳ ወላሂ አስመልሷት ነበር።»

ድግስ አልነበረም። ሰሌኑም፣ ፔርሙዙም፣ ጭብጨባውም የፍርሃት ነበር። የጎደለውን በትክክል አይቼ ምክንያቱን ከራሴ ሆድ አወጣሁለት። ነጠብጣቡ እኔ ላይ ነበር። ግን እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ ፍርሃት እንኳ የኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር። እሱንም ወሰደችው።

እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «አየሽ? ሀውለት ስትፈራ እንኳ ሥራ እየሠራች ነው የምትፈራው።»

በሳምንቱ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ቴሌስኮፑን ለአንድ ምሽት ብቻ አልኳት ሀውለትን። «ውሰጂው» አለችኝ፣ ሳታስብ። ጨረቃን አየሁ። ጁፒተርንና አጠገቧ ያሉትን ነጥቦች አየሁ። የወደቡን ክሬኖችም አየሁ። አንድ ምሽት ሁለት ሆነ። አንድ ሳምንት ሦስት ሆነ። በመጨረሻ ሩቂያ በራችን ላይ ቆመች።

«እህቴ ቴሌስኮፑን አለች።»

«ሰሞኑን ደመና ነው በያት።»

ሩቂያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጅቡቲ ውስጥ፣ በሐምሌ። ዞር ዞር ብላም አየች።

«የት?»

«ይመጣል» አልኳት።

ሄደች። ሳይቆይ ተመለሰች። በአንድ እጇ ባትሪያችንን፣ በሌላው ትንሽ ፌስታል ይዛለች። ባትሪውን ተቀብዬ ተጫንኩት። ዓይኔን አጠፋኝ። አዲስ ድንጋይ ገብቶበታል፤ የውሰት ዕቃ ባዶውን አይመለስማ። ፌስታሉን ፈታሁት። ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ የአባቴ ምልክት ያለባቸው።

«እነዚህ የናንተ ናቸው አለች» አለች ሩቂያ። «ቴሌስኮፑ ደግሞ ደመናው እስኪገፈፍ ይቆይ አለች።»

ስለዚህ ታውቅ ነበር። ባትሪውን ከፍታ ካየችበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ለእናቷ አልተናገረችም፣ ለእናቴ አልተናገረችም፣ ቴሌስኮፑን ስጠይቃትም «ውሰጂው» አለች። ሰው ሲበልጥ በሁሉም ነው እንዴ የሚበልጠው? አንድ ቀዳዳ እንኳ አይተውም?

ትልልቆቹ ሲመርቁ «ምቀኛ አያሳጣህ» የሚሉት ለካ ለዚህ ነው። የኔ ያለቁ ድንጋዮች ባይኖሩ ሀውለት ነጠብጣቡን በምን ታሳይ ነበር? በሒሳብ ካየነው የቴሌስኮፑ ግማሽ የኔ ነው። ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም። ሀውለት ብትሆን ይሄን አታስብም ትለኛለች።

መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ሕጉን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ባዶውን እንዴት ልመልሰው? ቴሌስኮፕ ውስጥ ምን ይደረጋል? ቴምር አይሆንም፤ መስታወቱን ያጣብቃል። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ እሱ ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። በመጨረሻ፣ የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ወረቀቱን ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ልከትላት ወሰንኩ። ይኸው ጻፍኩት። ጠቅልዬም ለካሁት፤ ልክክ ይላል።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሀውለት ታነበዋለች። አንብባም ዝም አትልም፤ እሷም ትጽፋለች። የሷ ደግሞ ይበልጣል።

ስለዚህ ቴሌስኮፑ እኛ ቤት ነው።